ስሙን እስከ ዝርያ ያላወቅኩትን ዝንብ መመዝገቤ ይጠቅማል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ዝንብ መከታተል ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለሙያ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ሥራዬም ከነፍሳት ጋር አይገናኝም። በሳምንት አንድ ቀን አንዲት መንገድ ይዤ አንድ ሰዓት ያህል እሄዳለሁ። ያገኘሁትን ዝንብ ፎቶ አነሳለሁ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ምን ላይ እንዳረፈ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። እስካሁን ከ1,400 በላይ መዝግቤያለሁ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ከነዚህ ውስጥ እስከ ዝርያው ድረስ ስሙን የማውቀው ሩቡን እንኳ አይሞላም። የቀረው ግራጫ፣ ጀርባው ላይ ሦስት ጥቁር መስመር ያለው፣ ምናምን እየተባለ ተቀምጧል። ወፍ የሚመዘግብ ወዳጄ ስም የሌለው ነገር መዝገብ ውስጥ አይገባም ይለኛል። እውነቱን ነው? ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ይህን ኢንተርኔት ላይ ባለ የውይይት መድረክ ጽፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 9 መልስ ጠበቀኝ። ክሩ፣ ማለትም የጥያቄዬና የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ሲቀዘቅዝ 34 ደርሶ ነበር። መሀል ላይ ጭቅጭቅም ነበረበት። ግን በሦስት ዓመት ያልተማርኩትን በአራት ቀን ተምሬበታለሁ። ስለዚህ መልሶቹን በተራቸው እዚሁ አሰፍራለሁ፤ አንዳንዱን ረጋ ብዬ፣ አንዳንዱን በሩጫ።

1ኛው መልስ የመጣው ዘመናቸውን በማይክሮስኮፕ ዝንብ ሲመለከቱ ከኖሩ አንድ ትልቅ ሰው ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጀመሪያ ያደረጉት የኔን ግራጫ መለየት ነበር። ጀርባው ላይ ሦስት ጥቁር መስመር ካለው፣ ሆዱም እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ብርማ ከሆነ ሳርኮፋጋ የሚባለው ወገን ነው አሉ፤ የሥጋ ዝንብ። ከዚያ አልፌ እንዳልሄድ ግን መከሩኝ። የዚህ ወገን ዝርያዎች በመልክ እጅግ ይመሳሰላሉ። በአብዛኛው የሚለዩት በወንዱ ብልት ቅርጽ ነው፤ እሱም በማይክሮስኮፕ ሥር ነው የሚታየው። ከላይ በተነሳ ፎቶ ብቻ የዝርያ ስም የሚሰጥ ሰው ገምቷል እንጂ አላወቀም። ወገኑ ላይ ማቆም አለማወቅ አይደለም አሉኝ፤ ማስረጃው እስከፈቀደው ድረስ መሄድ ነው። ይህን ሳነብ ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ።

2ኛዋ ጀማሪ ናት። እሷም ተመሳሳይ ጥያቄ እንዳላት ተናግራ፣ ክሩን እንደምትከታተል ጽፋ ሄደች። እሷን አስታውሱልኝ፤ መጨረሻ ላይ ትመለሳለች።

3ኛው ፊት ለፊት መጣ። ከጋሼ ጋር በከፊል እስማማለሁ ብሎ ጀመረና፣ ወገን ድረስ መሄድ አንድ ነገር ነው፣ ዝንብ ብሎ መተው ግን ሌላ ነው አለ። ዝንብ ስንል ዲፕቴራ የሚባለውን ሁለት ክንፍ ያላቸውን ነፍሳት በሙሉ ማለታችን ነው። ስም የወጣላቸው ብቻ ከ150,000 ዝርያ በላይ ናቸው። ትንኝም እዚያው ውስጥ አለች። የትንኝንና የሥጋ ዝንብን ኑሮ በአንድ ቃል የሚጠቀልል መዝገብ ምን ጥያቄ ይመልሳል? ወይ ጠንክሮ መማር፣ ወይ አንድ የዝንብ ቤተሰብ (ተቀራራቢ ወገኖችን የያዘ ምድብ) መርጦ እሱ ላይ መቆየት ይሻላል አለ። አነጋገሩ ትንሽ ይከነክናል። ምክሩ ግን ትክክል ነበር፤ ኋላ ተከትየዋለሁ።

4ኛዋ ለ3ኛው መልስ ይዛ መጣች። ክሬፌልድ በምትባለው የጀርመን ከተማ ያለውን የነፍሳት ወዳጆች ማኅበር አነሳች። የማኅበሩ ሰዎች አብዛኞቹ እንደኛው አማተር ናቸው። በ63 የተጠበቁ ቦታዎች ማሌዝ የሚባለውን ወጥመድ እየተከሉ ነፍሳት ሰበሰቡ። ወጥመዱ ድንኳን ይመስላል። የሚበረው ነፍሳ ግድግዳውን ሲያገኝ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ካለው የአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ሰዎቹ ሁሉን በስም አልለዩም። መዘኑት። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናት በ27 ዓመት ውስጥ የበራሪ ነፍሳቱ ክብደት ከ75 በመቶ በላይ መውረዱ ታወቀ። ዓለም ያወራለት ያ ግኝት ስም አልጠየቀም አለች።

5ኛው አረማት። ጨዋ ነበር፤ ግን አላለፋትም። አንደኛ፣ ከ63ቱ ቦታዎች አብዛኞቹ የተለኩት በአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ያው አንድ ቦታ 27 ዓመት በተከታታይ እንደተለካ አድርጎ ማውራት ያሳስታል። ሁለተኛ፣ ነፍሳቱ አልኮል ውስጥ ተቀምጠዋል። ዛሬ ስም ባይሰጣቸው ነገ የሚያውቅ ሰው ጠርሙሱን ከፍቶ ይሰጣቸዋል። ክንፉ ያልታየበት፣ ፊቱ ያልታየበት ደብዛዛ ፎቶ ግን ሃምሳ ዓመት ቢቀመጥ አይናገርም። ይህች ሁለተኛዋ ነጥብ እንቅልፍ ነሳችኝ። ጥያቄዬን ነው የለወጠችው። የኔ ዝንቦች ስም አላቸው ወይ የሚለው ቀርቶ፣ ወደፊት ስም ሊያገኙ በሚችሉበት ሁኔታ አስቀምጫቸዋለሁ ወይ የሚለው መጣ።

6ኛው 4ኛዋ ራሷ ናት። እርማቱን ተቀበለች። ያም ሆኖ ሰዎቹን ያስከበራቸው አንድ ዓይነት ወጥመድ በአንድ ዓይነት መንገድ መጠቀማቸው ነው አለች። 5ኛውም በዚህ ተስማማ።

7ኛው መልስ ረጅም ነበር። እኔ በበኩሌ አትሜ ደብተሬ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። የጻፈው በአበባ ዝንቦች ብቻ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሲርፊድ የሚባለው ቤተሰብ፣ ወደ 6,000 ዝርያ ያለው። አየር ላይ እንደተሰቀሉ ቀጥ ብለው የሚቆሙት፣ ከዚያ ወደ ጎን እልም የሚሉት ናቸው። ጀማሪ ከዚህ ይጀምር አለ። ብዙዎቹ ቀለማቸው ግልጽ ነው፤ ከሥጋ ዝንብ ጋር ሲነጻጸሩ በፎቶ የሚለዩት ይበዛሉ። የብዙዎቹ እጭ ክሽክሽ ይበላል፤ ስለዚህ ክሽክሽ የወረረው ተክል ላይ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት አንድ ራሱን የቻለ ምዝገባ ነው።

አለያየቱን እንዲህ አስረዳ። መጀመሪያ ንብ ወይም ተርብ አለመሆኑን ማረጋገጥ ነው። ንብና ተርብ አራት ክንፍ አላቸው፤ ዝንብ ሁለት። የኋለኞቹ ሁለት ክንፎች ዝንብ ላይ ወደ ትንንሽ ባለ ጉብ ዘንጎች ተለውጠዋል። ከበሮ መምቻ ይመስላሉ። ዝንቡ ሲበር ሚዛኑን የሚጠብቀው በነሱ ነው። የአበባ ዝንብ አንቴናም አጭር ነው፤ የተርብ ረጅም። ከዚያ ክንፉን ማየት። በክንፉ መሀል፣ ከሌሎቹ ጅማቶች ጋር ሳይያያዝ፣ ከየትም ሳይነሳ የትም ሳይደርስ የሚቀር አንድ ቀጭን መስመር አለ። ሐሰተኛው ጅማት ይሉታል። እሱን ካየህ የአበባ ዝንብ ነው ብለህ በድፍረት ጻፍ አለኝ። ጾታውን ደግሞ ዓይኑ ይነግርሃል፦ በአብዛኞቹ የወንዱ ዓይኖች አናቱ ላይ ይገናኛሉ፤ የሴቷ ተለያይተው ይቀራሉ።

ፎቶ ስታነሳ አራት አንሳ አለ፦ ከላይ፣ ከጎን፣ ፊቱን፣ ክንፉን። ጥላህን አትጣልበት። ማለዳ ገና ሳይሞቀው ሂድ፤ ያን ጊዜ ቶሎ አይበርም።

8ኛው ይህን አንብቦ የራሱን አወጋ። አንድ ሙሉ ወቅት አበባ ላይ ንብ ሲቆጥር ከርሞ ነበር። በኋላ ፎቶዎቹን አሳድጎ ሲያይ ከሦስት አንዱ ዝንብ ሆኖ ተገኘ፤ ኤሪስታሊስ ቴናክስ፣ ንብ የሚመስለው የአበባ ዝንብ። የቆጠረውን በሙሉ መልሶ አየ፤ ፎቶ የሌለውን ሰረዘ። መሰረዙን ሲያወራ ቅር አላለውም። ለሱ ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

9ኛዋ ከዚሁ ተነስታ ወደ ታሪክ ወሰደችን። የጥንት ሰዎች ንብ ከሞተ በሬ ሬሳ ውስጥ ይወለዳል ብለው ያምኑ ነበር። ለዚህ እምነት መነሻው ይኸው ዝንብ ሳይሆን አይቀርም ብሎ የጻፈው ኦስተን ሳከን ነው። የዚህ ዝንብ እጭ በሚበሰብስ ነገር በተበከለ ውሃ ውስጥ ያድጋል፤ ከኋላው እንደ ጅራት በተዘረጋ ቱቦ ይተነፍሳል። ሲያድግ ንብ የሚመስል ዝንብ ይሆናል። የወደድኩት ቀጥሎ ያለችውን ነው። ኦስተን ሳከን ለሩሲያ መንግሥት የሚሠራ ዲፕሎማት ነበር። ዝንቡን ያጠናው ከሥራው ጎን ለጎን ነው፤ ዛሬ የዚህ ሙያ ሰዎች ስሙን በክብር ያነሳሉ።

10ኛው በዚያው ማይገንን ጨመረ፤ ከ1764 እስከ 1845 የኖረውን ጀርመናዊ። የዩኒቨርሲቲ ሰው አልነበረም። ልጆች እያስተማረ፣ ያገኘውን ሥራ እየሠራ ኖረ። የክንፍ ጅማትን ለመለያነት እየተጠቀመ በሺህ የሚቆጠሩ የአውሮፓ ዝንቦችን ገለጸ።

11ኛው ርዕሱን ትቶ ቤቱ ያለው ዝንብ እግሩን እየነከሰ እንዳስቸገረው ጻፈ። ብዙ ሰው ያልፈዋል ብዬ ነበር። 12ኛዋ ግን ያዘችው። የቤት ዝንብ አይነክስም፤ አፉ መምጠጫ ስፖንጅ ነው አለችው። የሚነክሰው ስቶሞክሲስ ነው፤ የቤት ዝንብ የሚመስል፣ ግን ከጭንቅላቱ ሥር ወደ ፊት የወጣ ጥቁር መርፌ ያለው። ወንዱም ሴቷም ደም ይመጥጣሉ። ከጎን ፎቶ ቢያነሳው በአንድ እይታ ይለየዋል። 13ኛው ሦስተኛ ተመሳሳይ ጨመረ፦ ከአምፖል ሥር አየር ላይ በማዕዘን እየታጠፈ የሚዞረውን ትንሹን የቤት ዝንብ። በዋናው የቤት ዝንብ ክንፍ ላይ አራተኛው ረጅም ጅማት ጫፉ ሲደርስ ወደ ላይ ሹል ብሎ ይታጠፋል። በትንሹ ላይ ቀጥ ብሎ እስከ ዳር ይሄዳል። የራሴን ፎቶዎች ከፈትኩ። የቤት ዝንብ ካልኳቸው 11ዱ ጅማታቸው ቀጥ ያለ ነው። አረምኳቸው።

ከ14 እስከ 17 ያለው ስለ መተግበሪያ ነው፤ ድምፁም እዚህ ላይ ነው ከፍ ማለት የጀመረው። 14ኛው ይህ ሁሉ ድካም ለምን አለ። አይናቹራሊስት ላይ ፎቶውን ሲጭን በሁለት ሰከንድ የዝርያ ስም ይመጣለታል። 15ኛዋ ማሽኑ የሚያወዳድረው ምስል ነው ብላ መለሰች፤ ምስሉ ላይ የሌለውን ብልት አያይም። ለብዙ የአበባ ዝንቦች ጥሩ ነው፤ ለሥጋ ዝንብ አይታመንም። 16ኛው አልታገሰም። ሰው ማሽኑ ያለውን ይቀበላል፣ ጓደኛው ደግሞ ሳያይ እስማማለሁ ይጫናል፣ ሁለት ሰው ያረጋገጠው ይባላል፤ የተናገረው ግን አንድ ማሽን ብቻ ነው አለ። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች መዝገቡን እያበላሹ ነው ብሎ 14ኛውን በቀጥታ ወቀሰው። 17ኛው አሠራሩን በእርጋታ አስረዳ። ቢያንስ ሁለት ሰው ስም ሰጥቶ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ከተስማማ ምዝገባው ለምርምር ብቁ የሚለውን ደረጃ ያገኛል። ፈቃዱ ከፈቀደም ጂቢፍ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ይሄዳል። እዚያ የሚወስደው ተመራማሪ እስማማለሁ የተባለው በማየት ይሁን በይሉኝታ አያውቅም።

16ኛው ቃሉ ከርሮ ነበር፤ 14ኛው ተቀይሞ ከክሩ ወጣ። ነገሩ ግን እውነት ነው። ወዳጅ ለማስደሰት ብዬ እኔም የተስማማሁባቸው አሉ። በዚያው ምሽት አንድ በአንድ ተመልክቼ ያላወቅኳቸው ላይ የሰጠሁትን ስምምነት አነሳሁ።

18ኛዋ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀች፦ የግድ መግደል አለብኝ? ክሩን ያጋለው ይህ ነው። 19ኛው የብዙ ቤተሰቦች ዝርያዎች ያለ ናሙና አይለዩም ብሎ በአጭሩ መለሰ። 20ኛው ለጊዜ ማሳለፊያ ነፍስ ማጥፋት ነውር ነው አለ። 21ኛው በመኪናህ መስታወት የሚሞተውን ቆጥረኸዋል ወይ ብሎ ተናገረው። 22 እና 23 ስድብ ስለነበሩ አልደግማቸውም።

ጋሼ በ24ኛው ተመለሱ። ማንንም አልወቀሱም። የራሳቸውን ደንብ ብቻ ጻፉ። በዚያው ሳምንት ቁጭ ብለው የማይሠሩበትን ናሙና አይወስዱም። ከአንድ ዓይነት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይወስዳሉ። ፍሪዘር ውስጥ ያስተኙታል። መርፌውን የሚወጉት ደረቱ ላይ ከመሀል ትንሽ ወደ ቀኝ ነው። ምክንያቱም ለመለያ የሚቆጠሩት ጠጉሮች ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ በዚህ መንገድ የግራው በኩል ሳይነካ ይቀራል። ከሥሩ ቦታው፣ ቀኑና የያዘው ሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት አለ። ወረቀት የሌለው ናሙና በከንቱ የጠፋ ሕይወት ነው አሉ። 20ኛው በዚህም አልተስማማም፤ ግን ስላደመጡት አመሰገናቸው። እኔ ከሁለቱም የሚስማማኝን አገኘሁ፤ ያገኘሁት ደግሞ በ25ኛዋ መልስ ነው። እሷ ገድላ አታውቅም። የመስኮት ደፍ ላይ ደርቀው የሚገኙትን ነው የምትሰበስበው፤ የሸረሪት ድር ላይ የቀሩትንም። ቀኑንና መስኮቱን ጽፋ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ታስቀምጣለች። ጠዋቱን ሄጄ መስኮቶቼን አየሁ። 6 ነበሩ።

26ኛው የኔ ነው። በዚህ ሁሉ መሀል የሆንኩትን ተናገርኩ። የካሜራዬ ባትሪ ወጥቶ ሲመለስ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ዞሮ ነበር። ሳላየው አምስት ሳምንት አለፈ። 70 ያህል ምዝገባ የተሳሳተ ዓመት ይዞ ገባ። ያዳነኝ ደብተሬ ነው፤ በእጄ የጻፍኩት ቀን ትክክል ነበር። 27ኛው ጥሩ ዘዴ ሰጠኝ፤ በየጉዞው መጀመሪያ የስልኩን ሰዓት ፎቶ ያነሳል። 28ኛዋ ስለ ቦታ አስታወሰች። ካርታው ላይ ነጥብ ማድረግ አይበቃም፤ ነጥቡ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል በሜትር መጻፍ አለበት። ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ክብ ያለው ምዝገባ ዝንቡ ረግረግ ላይ ይሁን ጫካ ውስጥ አይነግርም።

29ኛው እንደገና ከመንገድ ወጣ፤ ቢሆንም ደስ አለኝ። ሶንግ ሲ የተባለው ቻይናዊ ዳኛ በ1247 የጻፈውን ነው ያወራው። አንድ ሰው በማጭድ ተገድሎ ተገኘ። መርማሪው የመንደሩን ሰው ማጭዱን ይዞ እንዲመጣ አዘዘና ሁሉንም መሬት ላይ አስደረደረ። ዝንቦች አንዱ ማጭድ ላይ ብቻ ተሰበሰቡ፤ ለዓይን የማይታይ የደም ሽታ ነበረበት። ባለቤቱም አመነ። 30ኛው ወደ ርዕሳችን እንመለስ ብሎ ተቆጣ።

31ኛው መለሰን። ዝንብ ያላየሁበትን ቀን እጽፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልጽፍም ነበር። ጻፍ አለኝ። በዚያች መንገድ፣ በዚያ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ሄጄ ምንም አላየሁም ማለት ራሱ መረጃ ነው። ያላየሁበት ቀን ካልተጻፈ፣ ዝንቡ ጠፍቶ ይሁን እኔ ቤት ውዬ ማንም አያውቅም። ከዚህ ጋር የአየሩን ሁኔታ መጻፍ እንዳለብኝም ነገረኝ፤ ደመናና ነፋስ ካለ ዝንብ ይደበቃል። 32ኛው 3ኛው ራሱ ነበር። እንዲህ ከሆነ የኔ ሳምንታዊ መንገድ ካሰበው በላይ ዋጋ እንዳላት ጻፈ፤ መጀመሪያ የተናገረው ከርሮ ከነበረ ይቅርታ ጠየቀ።

33ኛዋ ያቺ ጀማሪ ናት። ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው አንድ የደረቀ ነፍሳ መስኮቷ ላይ አግኝታለች። ክንፉን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታ፣ አራቱን ፎቶ አንስታ፣ ቀኑን ከጎኑ ጽፋ ለጠፈች። ተርብ ይሆን ብላ ፈርታለች።

34ኛውን የመለስኩት እኔ ነኝ። ሁለት ክንፍ አለው፤ ከኋላቸው ባለ ጉቧ ዘንግ ትታያለች። አንቴናው አጭር ነው። ክንፉ መሀል ላይ ከየትም የማትነሳዋ ቀጭን መስመር አለች። ዓይኖቿ አናቷ ላይ አልተገናኙም። የአበባ ዝንብ፣ ሴት፣ ብዬ ጻፍኩላት። ዝርያዋን የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ እዚያው አቆምኩ።